የተሸፈነው ግራ ዓይን

ከደጋው፣ ከጎጆ ከተማ ድንች ጭኖ የሚወርደው መኪና በዚያ የመስከረም ማክሰኞ አንድ ቀን ቀድሞ አምቦ ገባ። ኡርጌ ገቢሳ ከመኪናው እንደወረደች ወደ ኪራይ ክፍሏ አልሄደችም። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ሹራቧ የጆንያና የበሰበሰ ድንች ሽታ ይዟል። ፀጉሯን በጣቶቿ ብቻ አስተካክላ በቀጥታ ወደ ዘገየ ቤት አቀናች። ካየችው ሰባት ሳምንት ሆኗት ነበር። በትከሻዋ ባንጠለጠለችው ቦርሳ ውስጥ ሰባት ደብዳቤዎቹ በክር ታስረው ተቀምጠዋል።

ዘገየ ከበበው በአውራጃው ግብርና ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ልጃቸውን ድንቅቱን ስትወልድ ሞተችበት፤ ልጅቱን ያሳደገችለት ታላቅ እህቱ ወይዘሮ ካሰች ናት። ድንቅቱ በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ታማ ስትነሳ ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ዞሮ ቀረ። አዲስ አበባ ያየቻት የዓይን ሐኪም ነገሩን በቀላሉ አስረዳቻቸው፦ ግራው ዓይን አልሞተም፤ ቀኙ ሁሉንም ስለሚያይለት መሥራት ትቷል። ደህናው ዓይን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ከተሸፈነ ሰነፉ ተገዶ ይለምዳል። ሰባት ዓመት ከሞላት በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል። ያን ጊዜ ድንቅቱ ስድስት ዓመት አልሞላትም ነበር።

ሥራው አምቦ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ለሆነችው ለኡርጌ ተሰጠ። የመጀመሪያው ወር መከራ ነበር። ቀኝ ዓይኗ ሲሸፈን ድንቅቱ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች፤ በር መታት፤ የኡርጌን እጅ እስኪደማ ነከሰች። ኡርጌ በበሩ መቃን ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችላት። ከአልጋ እስከ ደጃፍ ያለውን እርምጃ እየቆጠረች አስለመደቻት። የአምቦ ውሃ ቆርኪዎች ሰብስባ በሰፊ ቆርቆሮ ላይ ትበትንና በሰነፉ ዓይኗ ፈልጋ እንድታነሳ ታደርጋት ነበር። ድንቅቱ የመጀመሪያዋን ቆርኪ ያነሳች ዕለት ዘገየ ከልጁ ጀርባ በርከክ ብሎ ነበርና በደስታ ቀና ሲል ዓይኑ ከኡርጌ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ሁለቱም ቶሎ አልሸሹም። ነገሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሐምሌ ላይ የጎጆ ክሊኒክ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ታመመና ኡርጌ በምትኩ ተላከች። ጎጆ የአባቷ አገር ነው። መንገዱ በዝናብ ስለተበላሸ ደብዳቤ የሚመጣው በድንች መኪና ሾፌር እጅ ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ።

«ውድ ኡርጌ» ይላል ሦስተኛው፤ «ድንቄ ዛሬ ደህናውን ዓይኗን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሸፍና ዋለች። አንዴ ብቻ ነው ያለቀሰችው። ከሃያ ቆርኪ አሥራ አራቱን አነሳች። አሥራ አምስተኛውን አጣችውና ‹ኡርጌ ደብቃው ሄዳ ይሆናል› አለችኝ። እኔም ኡርጌ ይዛብን የሄደችው ነገር እሱ ብቻ እንዳልሆነ ነገርኳት።»

ኡርጌ ይህን ስታነብ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ብቻዋን ስቃለች።

አባቷ ኦቦ ገቢሳ ልጃቸውን ለዘገየ መስጠት አልፈለጉም ነበር። የሚጸልዩበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በቀበሌ ታሽጎ፣ በሩ ላይ ቁልፍ ከተንጠለጠለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የከተማ ኦርቶዶክስ፣ ያውም እህቱ «ጴንጤ» የሚለውን ቃል እንደ ምራቅ የምትተፋ ሰው፣ ምን ሊያደርግላቸው? ኡርጌ ክርክር አልገጠመቻቸውም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። ኦቦ ገቢሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። አምስተኛው ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሏት፤ «ስለ ልጅ ዓይን እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው በሌላም ነገር አይዋሽም። ይሁን። ሽማግሌ ይላክ።»

ሽማግሌዎቹ ለመጪው እሁድ ተቀጥረዋል።

በሩን የከፈተችው ወይዘሮ ካሰች ናት። ከሰላምታዋ በፊት የኡርጌን ጫማ አየች።

«እንዴ ሲስተር! ከነጭቃሽ?»

«ይቅርታ እትዬ ካሰች። ከመኪና መውረዴ ነው። ድንቄስ?»

«ያቻትልሽ። ብቻ ምንጣፉን እንዳትረግጪብኝ፤ የወንድሜ ኃላፊ ባለቤት ሊመጡ ነው።»

ቤቱ በቅባትና በሳሙና ሽታ ታፍኗል። ድንቅቱ የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ እንዳትቆሽሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ዓይኗ ላይ ነጭ የሳቲን መሸፈኛ ተለጥፏል። መካከሉ ላይ በቢጫ ክር አበባ ተጠልፎበታል። ኡርጌ በርከክ ብላ ልታቅፋት እጆቿን ስትዘረጋ ልጅቱ ከሩቅ ለየቻትና በሩጫ መጣች፤ ወንበሩን ዞራ፣ የምንጣፉን ጠርዝ ዘላ፣ ምንም ሳይነካት።

ኡርጌ መጀመሪያ ተደሰተች። ወዲያው ግን የልጅቱን ፊት ልብ አለች። መሸፈኛው በግራ በኩል ነበር።

«እትዬ ካሰች፣ ተሳስተዋል መሰለኝ። የሸፈኑት ሰነፉን ዓይን ነው እኮ።»

«አልተሳሳትኩም» አለች ወይዘሮ ካሰች፤ ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስታ እየወለወለች። «ደህናውን ሸፍኜ ጠማማውን ላሳይ? በእንግዳ ፊት? አንቺ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛ ሰው ቤታችን ሲመጣ መልካም መልካሙን ነው የምናወጣለት።»

«ለዛሬ ብቻ ነው?»

ወይዘሮ ካሰች ብርጭቆውን አስቀምጣ ትክ ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ መገረም ነበር። «ወንድሜ አልጻፈልሽም እንዴ? ሲጽፍ አይደል እንዴ የሚውለው!»

ኡርጌ ልጅቱን ወደ ብርሃን አዞረቻት። ፕላስተሩን በጥፍሯ ጫፍ ቀስ ብላ ላጠችው። ከሳቲኑ ሥር የወጣው ሽታ ቅርጫት ውስጥ ተረስቶ የከረመ እርጥብ ጨርቅ ሽታ ነበር፤ ኮምጣጣ፣ የቆየ ቅቤ የተቀላቀለበት። ቆዳው ልብስ ሲያጥብ የዋለ ጣት መስሎ ነጥቶ ተጨማዷል። ዙሪያውን ፕላስተሩ የተለጠፈበት ቦታ በአራት ማዕዘን ቀልቶ ሽፍ ብሏል። ሽፋሽፍቷ በቢጫ ዓይናር ተጣብቋል። የአንድ ቀን ነገር እንዳልሆነ ቆዳው ራሱ ይናገራል። በቀኙ ዓይን ዙሪያ ደግሞ አንዲት ምልክት እንኳ የለም።

ኡርጌ ትል ያፈራ እግር አጥባ ስታበቃ ምሳዋን የምትበላ ሴት ናት። አሁን ግን መሸፈኛውን ከእጇ ጭኗ ላይ ጣለችው። ያቅለሸለሻት ዓይናሩ አልነበረም። አበባው ነበር፤ ያ በትዕግሥት፣ ቅጠል ሳይቀር፣ በቢጫ ክር የተጠለፈ አበባ።

በመዳፏ የልጅቱን ቀኝ ዓይን ከለለች። «ድንቄ፣ ስንት ጣት ነው?»

ድንቅቱ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሁለት እጆቿ አየሩን ሊይዙ ወደ ፊት ተዘረጉ። እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ጉም ነው» አለች። «እሱን ዓይኔን እኮ አንሸፍነውም አሁን። አባባ ‹በቃ፣ ከዚህ ወዲያ አታልቅሺ› ብሎኛል።»

«መቼ ነው ያለሽ?»

«አንቺ የሄድሽ ሰሞን።»

ኡርጌ ሳታስበው እጇን ሰበሰበች። ቁምሳጥኑ ላይ የቆርኪዎቹን ቆርቆሮ አየችው። ቆርኪዎቹ ዝገው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ በመካከላቸው የደረቀ በረሮ በጀርባው ተኝቷል። ፊቷ ምን እንደመሰለ አላወቀችም። ድንቅቱ ግን በደህናው ዓይኗ ትክ ብላ ታየው ነበር። ልጅቱ ጎንበስ ብላ የሳቲኑን መሸፈኛ ከኡርጌ ጭን ላይ አነሳችና በለመደ እጅ ግራ ዓይኗ ላይ መልሳ ለጠፈችው፤ ፕላስተሩን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች።

«ይኸው» አለች። «አሁንስ አላስጠላም አይደል?»

ኡርጌ ወደ ደረቷ ጎተተቻት። ግን ዘግይታ ነበር። ልጅቱ ያየችውን አይታለች፤ ለራሷም ወስዳዋለች።

*

ዘገየ ከሥራ ሲወጣ በሁሉቃ ወንዝ ድልድይ በኩል እንደሚያልፍ ታውቃለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ጠበቀችው። ወንዙ ክረምቱን ሙሉ የጠራረገውን ቆሻሻ ይዞ፣ ወፍራም ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ድልድዩ ሥር አንድ የሞተ ውሻ በዛፍ ሥር ተይዞ ያበጠ ሆዱ በውሃው ይነሳል፣ ይወድቃል። ኡርጌ ዓይኗን ከእሱ ልትነቅል አልቻለችም።

ዘገየ ከሩቅ አያትና መሮጥ ጀመረ። ፀጉሩን በቅባት አበጥሯል። ፊቱ በሙሉ እየሳቀ ነበር።

«መጣሽ! ነገ አልነበር ያልሽው? ምነው ወደ ቤት አልሄድሽም?»

እጆቿን ሊይዝ ሲል በመካከላቸው ያለውን ቦርሳ ወደ ፊት አመጣችው።

«ዛሬ ድንቄ ስንት ቆርኪ አነሳች?»

«ብታመነታ ኖሮ» ትለዋለች ኋላ ላይ፤ «አንዲት ቅጽበት ብቻ ብታመነታ።» ዘገየ ግን ፈገግታው እንኳ አልተነካም።

«ዛሬ አላየሁም፣ ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ ነበርኩ። ትናንት አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንተኛውን ለጥቂት ነው የሳተችው።»

ኡርጌ ቦርሳውን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው።

«ቤት ነበርኩ» አለች።

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። የሚሄድበት አጥቶ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ያ ከውሸቱ ይልቅ አስጠላት።

«ካሰች ናት…» ብሎ ጀመረ።

«እህትህን ተዋት! እሷ እንኳ አልዋሸችኝም። ለእንግዳ መልካም መልካሙን ነው የምናወጣው አለችኝ፤ በቃ። አንተ ነህ ‹ከሦስት እስከ ዘጠኝ› ያልከኝ። ‹አንዴ ብቻ አለቀሰች› ያልከኝ። ‹ኡርጌ ደብቃው ይሆናል› ያለችው ማን ናት? እስቲ ንገረኝ፣ ልጅቱ ብላዋለች?»

ዘገየ ወደ ወንዙ ዞረ።

«ብላዋለች ወይ?»

«አላለችም።»

ኡርጌ ብቻዋን የሳቀችበትን ያን ቀን አስታወሰች፤ ሳቋም ቆሸሸባት።

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ግንባሯን በር መታት። አስመለሳት። ‹አባባ ዓይኔን መልስልኝ› እያለች እግሬ ላይ ተጠመጠመች። በዚያው ቀን ኃላፊው ከነባለቤቱ ቤት መጡ። ሴትየዋ ያንን ዓይን ስታይ ፊቷን አዞረች፤ የቀረበላትን ምግብ ሳትነካው ወጣች። ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር፣ ኡርጌ። ለአንድ ቀን። ልጅቱም አላለቀሰችም፣ ካሰችም ደስ አላት፣ ቤቱም ሰላም ሆነ። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ‹አንተን የመሰለ አባት አላየሁም› የሚል። ምን ብዬ ልመልስልሽ?»

«እውነቱን።»

«ያ ሰው ልሆንልሽ ፈለግኩ።»

«ጻፍከው እንጂ አልሆንከውም!» ድምፏ ከወንዙ በላይ ወጣ፤ ድልድዩ ላይ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩዋቸው። «እኔ እኮ ደብዳቤህን ብቻዬን አላነበብኩም። አባቴ ፊት ተቀምጬ፣ ቃል በቃል እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ውሸትህን በእኔ አፍ፣ በቋንቋችን ነው የሰሙት። ‹ይህ ሰው አይዋሽም› ያሉት እኔን አይተው ነው። እኔንም አቆሸሽከኝ፣ ዘገየ።»

«እክስሻለሁ። ከነገ ጀምሮ እኔም አንድ ዓይኔን እሸፍናለሁ፤ ከእሷ ጋር እየተደናበርኩ…»

«ተው! ቲያትር አትሥራብኝ። የአንተ ዓይን ደህና ነው። ሰባት እስኪሞላት፣ እስከ ጥር፣ አራት ወር ነው የቀረን። አራት ወር! ሰባት ሳምንት በልተህባታል።»

ዘገየ እንባው መጣ። እጇን ያዘ። የመሃል ጣቱ ጎን ላይ የብዕር ቀለም ነበረ፤ ሁልጊዜ የሚኖር፣ በሳሙና የማይለቅ። ኡርጌ ያንን ነጠብጣብ ትወደው ነበር። የሚጽፍላት ጣት ነዋ። አሁን አየችውና እጇን ነጠቀች፤ ሳይታወቃት መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ዘገየ ስትጠርግ አየ።

«እሁድ ሽማግሌ አይሂድ» አለች። «ለአባቴ እኔው እጽፋለሁ። አንተ ነገ ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ክሊኒክ ታመጣታለህ። ራስህ። በዋናው መንገድ፣ በእግሯ፣ ቀኝ ዓይኗ በቁስል ማሸጊያ ጎዝ ተሸፍኖ። አበባ የሌለው ጎዝ።»

«ሰው ሁሉ እያያት?»

«አዎ። ሰው ሁሉ እያያት።»

ጥላው ሄደች። መዳፏን መጥረጓ ሲያሳፍራት፣ አሁንም ደጋግማ መጥረግ ሲያምራት፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ሳታውቅ ክፍሏ ደረሰች።

*

በማግሥቱ እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበረች። ካሰችን ይልካል፤ ወይም አመማት ብሎ ወረቀት ይጽፋል፤ ሲጽፍ ጎበዝ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በመስኮቱ ስታይ ግን የክሊኒኩን በር አልፈው ገቡ። የድንቅቱ ግንባር ላይ አዲስ እብጠት አለ፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ቀኝ ዓይኗ በነጭ ጎዝ ተሸፍኗል። ወደ አፍንጫዋ የዞረው ግራ ዓይኗ ገና ቀልቶ፣ እያለቀሰ፣ ለሰው ሁሉ ተገልጧል። ዘገየ በላብ ርሷል። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፤ ግማሾቹ ከመተሳሰብ፣ ግማሾቹ እንዳይነኳቸው።

መስኮቱ ተከፍቶ ስለነበር ኡርጌ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል።

«ኧረ እናንተ!» አሉ ከደንዲ በኩል ሳላቸውን ለመታየት የመጡ አንዲት ባልቴት። «ደህናውን ሸፍናችሁ የታመመውን ለንፋስ? ምን ያለ ሥራ ነው? ምን ሆና ነው ልጅቱ?»

አግዳሚው ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ዞረ። ኡርጌ መርፌ የምትቀቅልበትን ድስት ክዳን እንደያዘች ቆመች። ዘገየ ሌላ ጊዜ ምን እንደሚል ታውቃለች፦ አቧራ ገብቶባት ነው፤ ንብ ነድፏት ነው። እንዲዋሽም ተመኘች። እባክህ ዋሽ፤ ጨርሼ ልጸየፍህና ልረፍ።

ዘገየ ላቡን ጠረገ።

«ሸውራራ ናት፣ እናቴ» አለ ዘገየ። «ግራ ዓይኗ አያይም። ቀኙን የሸፈንነው ግራው ሥራ እንዲለምድ ነው። ክረምቱን ሙሉ መደረግ የነበረበት ነው፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አባባ ዋሽቶ ነው!» አለች ድንቅቱ ጮክ ብላ፤ የሚሰማትን ሰው ሳታይ። «ለኡርጌ ዋሽቶባት ነው!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ባልቴቷ በሳቃቸው መካከል ሳል ያዛቸው። ዘገየ እስከ ጆሮው ቀላ።

«አዎ» አለ። «ዋሽቼ ነው።»

ኡርጌ በሩን ከፍታ ወጣች። እሱን አላየችውም። «ድንቅቱ ዘገየ!» ብላ እንደማንኛውም በሽተኛ ተጣራች።

ልጅቱ ድምፁን ተከትላ እጆቿን ዘርግታ ተነሳች። አራት እርምጃ ሄደች። ከበሩ መቃን ጋር ስትጋጭ ዘገየ ብድግ አለ። ኡርጌ ፊቷን ብቻ ወደ እሱ አዞረች። እሱም ባለበት ቆመ። ድንቅቱ እያለቀሰች መቃኑን ዳሰሰች፤ ቀጥ ያለውን ጠርዝ አገኘች፤ ገባች።

ውስጥ ኡርጌ በርከክ ስትልላት የልጅቱ ጣቶች ፊቷን ፈለጉ፤ አፏንና ቅንድቧን ዳሰሱ።

«ዛሬ ፊትሽ አይታየኝም። ተቆጥተሻል?»

«ተቆጥቻለሁ።»

«በእኔ ዓይን?»

«በአንቺ ዓይን አይደለም። ዓይንሽ አንድ ቀን እንኳ አላስጠላኝም።» ኡርጌ የሚያለቅሰውን፣ የቆሰለውን ግራ ዓይን ሳመችው። አፏ ላይ ጨው ቀረ።

«በአባባ ነው?»

ኡርጌ ቀና አለች። ከልጅቱ ትከሻ በላይ፣ በተከፈተው በር፣ ዘገየን አየችው። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀምጧል፤ ሰዎቹ አሁንም እያዩት ይንሾካሾካሉ። ተነስቶ ልጁን እንዳያነሳ ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አስገብቶ ተቀምጦባቸዋል። ጥላቻዋ ከትናንት ጀምሮ አልለቀቃትም። ይህን ጥላቻ ሙሉ አድርጋ፣ ምንም ሳይቀላቀልበት፣ ቢያንስ እስከ እሁድ ልትይዘው ቆርጣ ነበር። እሱ ግን በሰው ፊት እውነቱን ተናግሮ፣ እጆቹ ላይ ተቀምጦ፣ ያቺን ያህል እንኳ አልፈቀደላትም።